ባላ የጠገነው ጠመንጃ

የታርሚዚ ቡድን ሁልጊዜ ከቀትር በፊት ተሸንፎ፣ መንገድ ዳር ዱሪያን የሚባለውን ፍሬ ገዝቶ እየበላ ወደ ከተማው ፓሪት ቡንታር የሚመለስ ቡድን ነው። በቀለም ጠመንጃ ውድድር፣ ተጋጣሚን በቀለም ኳስ እየመቱ በሚያስወጡበት ጨዋታ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ሲሳተፉ የከሰዓት በኋላውን ሜዳ አይተውት አያውቁም። የዛሬ እሑድ ግን ምን እንደነካቸው እነሱም አልገባቸውም፤ ያገኙትን ቡድን ሁሉ ጥለው ለግማሽ ፍጻሜ አለፉ። ጭፈራው ገና ሳይበርድ የታርሚዚ ጠመንጃ እጀታ እጁ ላይ እንደ ልጅ ጥርስ ተነቃነቀ።

እጀታውን ከጠመንጃው ገላ ጋር የሚያያይዙት ሁለት ብሎኖች ናቸው። ታርሚዚ የፊተኛውን በቁልፍ ቢያዞረው ቢያዞረው ማብቂያ የለውም፤ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ስቦ ሲያወጣው የተጠማዘዘ ቀጭን የአልሙኒየም ፍቅፋቂ ተከትሎት ወጣ። ቀዳዳው ውስጥ የነበረው፣ ብሎኑን የሚይዘው ጥርስ መሆኑ ነው። እጀታው ዝቅ ካለ ደግሞ ምላጩ መያዝ ያለበትን አይዝም፤ ጠመንጃው አይተኩስም።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ታርሚዚ አልጠፋውም። ከጾሙ ወር በኋላ ልምምድ ላይ አንዱ ብሎን ሣር ውስጥ ወድቆ ቢጠፋበት፣ ቤቱ ሄዶ ከሞተር ሳይክሉ የጭቃ መከላከያ ላይ አንድ ፈታና ገጠመው። ብሎኑ ሁለት ዙር በጣት ገባ፤ ከዚያ እምቢ አለ። ታርሚዚ እምቢታ የሚገባው ሰው አይደለምና በቁልፍ አስገደደው፤ ገባለት። ከዚያ ወዲህ ጠመንጃውን ለማጽዳት በፈታ ቁጥር ሁለቱን ብሎኖች እያቀያየረ ስለሚመልሳቸው ሁለቱም ቀዳዳዎች ቀስ በቀስ ተበሉ።

"የዛሬን እንኳ ልትተወን አልቻልክም?" አለችው ኖርሊዛ። የቡድኑ አምበልና የአጎቱ ልጅ ናት፤ በሥራ ቀን የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ስትሆን በሁለቱም ቦታ የሚፈራ አፍ አላት። "አምስት ሰው ነን፣ አምስት ጠመንጃ አለን። የተሸነፉትም ዕቃቸውን ጭነው ሄደዋል፣ ከማን እንዋስ? በአራት ሰው ልንጫወት ነው ማለት ነው።"

"የቧንቧ ፕላስተር ልጠቅልልበት?"

"ጠቅልልበት እስኪ።"

ጠቀለለበት። ፕላስተሩም ተበጣጥሶ ወጣ።

ይሄኔ ዝናቡ ወረደ። ከዘይት ዘንባባው እርሻ በኩል እየተንጋጋ መጥቶ ሜዳውን ጭቃ አደረገው፤ በአየር የተነፉት መሸሸጊያዎች ውሃ ላይ የቆሙ መሰሉ። ዳኞቹ እስኪያባራ ጨዋታው ይቆያል አሉ። ታርሚዚ በዕድሜው ዝናብን እንዲህ አመስግኖት አያውቅም።

"ባላ ጋ ልሂድ" አለ።

"የቱ ባላ? የኢፖ ቡድኑ?"

"ቶርኖ ቤት የሚሠራው። መሣሪያ ሣጥኑን ይዞ ነው የሚዞረው።"

"ዝናቡ ሲያባራ የምንጫወተው ከነሱ ጋር መሆኑን ረሳኸው? 'አንተን የምመታበትን ጠመንጃ ሥራልኝ' ልትለው ነው?"

"ሌላ ሰው ካወቅሽ ንገሪኝ።"

አላወቀችም። ታርሚዚ ጠመንጃውን ሸሚዙ ውስጥ ከቶ በዝናቡ ሮጠ።

ባላ ድንኳናቸው ውስጥ ተቀምጦ የሙዝ ቅጠል ላይ ሩዝ በካሪ እየበላ ነበር። አርባዎቹን ያለፈ፣ ቦርጩን ከመሸሸጊያ ጀርባ ለመደበቅ የሚቸገር ሰው ነው፤ ግን ሲተኩስ አይስትም።

"በላህ፣ ቦስ?" አለው፤ በአገሩ ልማድ ሁሉም ሰው "ቦስ" ነው።

"በልቻለሁ፣ ቦስ" አለ ታርሚዚ። አልበላም።

ጠመንጃውን ሲያወጣ ባላ ቅጠሉን ወደ ጎን ገፋ አደረገ። እጁን ታጠበ፣ በፎጣ አደራረቀ፣ ብሎኑን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ አየው።

"የሞተር ሳይክል ነው።"

ታርሚዚ አንገቱን ደፋ።

"አትፈር። ፔራ ግዛት ውስጥ የቀለም ጠመንጃ ኖሮት ይህን ያላደረገ ካለ ሞተር ሳይክል የሌለው ነው። ጠመንጃህ የአሜሪካ ነው፣ በኢንች ተለክቶ የተሠራ። ብሎንህ ደግሞ በሚሊሜትር። እንደ አንዳንድ ባልና ሚስት ናቸው፤ ለሩቅ ሰው የተዋደዱ ይመስላሉ።" ብሎኑን መዳፉ ላይ አገላበጠው። "በጣም ቢለያዩ ገና ሲጀመር ትተወው ነበር። የጎዳህ ለጥቂት መሳታቸው ነው።"

"ይድናል?"

"ቀዳዳውን ወደ ሚሊሜትር ለመለወጥ ግማሹን መንገድ አንተው ሄደህበታል፣ በጉልበት ሆነ እንጂ። እኔ በሥርዓት እጨርሰዋለሁ።"

ከሣጥኑ ውስጥ ጥርስ ማውጫውን አወጣ፤ ብሎን የሚመስል፣ ጎኑ የተሸነተረ ጠንካራ ብረት ነው። ዘይት ጠብ አደረገበትና ቀዳዳው ላይ ቀጥ አድርጎ አቆመው። ጥቂት ወደፊት ያዞራል፣ ትንሽ ወደኋላ ይመልሳል፣ ፍቅፋቂው ሲሰበር በጣቱ ይሰማዋል፣ ደግሞ ወደፊት። ያልተነካው የቀዳዳው ጥልቀት ድረስ ወረደ። ከዚያ በጥርስ ብሩሽ ጠርጎ፣ እፍ ብሎ፣ ሁለተኛውን ቀዳዳ ጀመረ።

"ሁለቱንም አንድ ዓይነት አደርጋቸዋለሁ" አለ ቀና ሳይል። "ያለዚያ ደግሞ ልታቀያይራቸው ነው።"

የኢፖ ወጣት አምበል ኬንግ ሁን መጣና ከላያቸው ቆመ። "የማን ጠመንጃ ነው?"

"የሱ።"

"አሁን የሚተኩስብን?"

"አዎ። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ እሱ ነው ያለኝ ሥራ" አለ ባላ። አምበሉ ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ባላ ረዘም ያሉ ሁለት አዳዲስ ብሎኖች ከሣጥኑ መርጦ አስገባ። ያለ ምንም ትግል፣ በጣት ብቻ እስከ ታች ወረዱ። ቁልፉን ለታርሚዚ አቀበለውና "መጨረሻውን አንተ አጥብቀው፤ በሁለት ጣት ብቻ፣ አልሙኒየም ነው" አለው። ታርሚዚ አጠበቀ። እጀታው ከገላው ጋር አብሮ የተፈጠረ ያህል ገጠመ። አመሰግናለሁ እንኳ ሳይል የባላን እጅ በሁለት እጁ ጨብጦ የራሱን ደረት ነካና ወጣ።

ዝናቡ አባራ። ሁለት ዙር ቀድሞ ያሸነፈ ለፍጻሜ ያልፋል። በመጀመሪያው ዙር ታርሚዚ በግራ በኩል ሲሳብ ፊት ለፊቱ ማን ቢቆም ጥሩ ነው? ባላ። እሱም መሸሸጊያ ሊለውጥ ሲሮጥ ጭቃው አንሸራተተውና በግንባሩ ተደፋ። ጀርባው በሙሉ ተጋልጧል። ታርሚዚ ጣቱን ምላጩ ላይ አደረገ። "የበላበትን ወጪት ሰባሪ" የሚባለው እኔ ልሆን ነው? አለ በልቡ፤ ጣቱም አልታዘዘው አለ። ባላ ተነሣ፣ መሸሸጊያው ጋ ደረሰ፣ ከዚያ ኖርሊዛን መታት። ዙሩን ተሸነፉ።

ኖርሊዛ ጭንብሏን አውልቃ መጣች። "ከፊትህ ተኝቶልህ ነበር። ምን ሆነህ ነው?"

"ጠመንጃው እምቢ አለኝ" አለ ታርሚዚ። ውሸቱ ሳያስበው ነው ያመለጠው።

ኖርሊዛ ወደ ኢፖዎች ዞረች። "ባላ፣ ሥራህ አልያዘም፤ ጠመንጃው እምቢ ብሎታል" አለች፣ ሜዳው ሁሉ እስኪሰማት።

ታርሚዚ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ባላ መሣሪያ ሣጥኑን አንጠልጥሎ ጭቃውን እያቋረጠ መጣ፤ ፊቱ ተለዋውጧል። ከገመዱ ውጭ የቆሙ ሁለት ሴት ልጆቹ በዓይናቸው ይከተሉታል። ጠመንጃውን ተቀበለ፣ ብሎኖቹን ዳሰሰ፣ እጀታውን ነቀነቀ፣ ወደ ሰማይ አንዴ ተኮሰ። ከዚያ ቀስ ብሎ ቀና አለና ታርሚዚን አየው፤ ገባው።

"ጥርሱ ጤነኛ ነው" አለ፣ ለታርሚዚ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። "ጀርባዬን አይተህ አዘንክልኝ።"

"ቦስ፣ እኔ እኮ..."

"ጥሩ ሰው ነህ። ግን ልጆቼ እዚያ ቆመው የአባታቸው ሥራ አልያዘም ሲባል ሰምተዋል። ካዘንክልኝ ለዚያ እዘንልኝ።"

ሣጥኑን አንሥቶ ተመለሰ። ታርሚዚ ወደ ኖርሊዛ ዞሮ "ዋሽቼሻለሁ። ጠመንጃው ደህና ነው፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት" አላት። ትጮህበታለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ጭንብሏን አጠለቀችና "እንግዲያው እኔም በሰው ስም ቀልጃለሁ። ሂድና አስተካክለው" አለችው።

ሁለተኛውን ዙር አሸነፉ። በሦስተኛው፣ የመጨረሻው ላይ፣ እንደገና ግራው በኩል ተገናኙ። ባላ አሁን አልወደቀም። ከመሸሸጊያው ጥግ ብቅ አለ፣ ተኮሰ፣ ቀለሙ የታርሚዚን ጆሮ ታክኮ አለፈ። ታርሚዚ ወጥቶ ቆመና ተኮሰ። ሦስት ጥይት ተከታትሎ ወጣ፤ እጀታው እጁ ውስጥ እንደ ድንጋይ ጸንቶ ነበር። ሦስቱም ባላ ደረት ላይ ፈነዱ።

ባላ ደንቡ እንደሚለው እጁን አናቱ ላይ አድርጎ ከሜዳው ወጣ። የቀሩትን ኢፖዎች ኖርሊዛ ጨረሰቻቸው። ጡሩምባው ሲነፋ ጓደኞቹ ጭቃው ላይ እየተንከባለሉ ታርሚዚን ጠሩት፤ እሱ ግን ወደ ገመዱ ሮጠ። ባላ ከልጆቹ ጋር ቆሟል፤ ብርቱካናማው ቀለም ከደረቱ እስከ ቦርጩ ይወርዳል።

"አመሰግናለሁ" አለ ታርሚዚ። አሁን ቃሉ ወጣለት፤ እንባም ተከተለው። "ዋሽቼ ስምህን ስላጠፋሁ ይቅር በለኝ። ይህ ሁሉ ቀን ያንተ ነው።" ወገቡ ላይ ሸብ ያደረገውን ፎጣ ፈትቶ የባላን ደረት ሊጠርግለት እጁን ዘረጋ።

ባላ እጁን ያዘው። ትንሿ ልጁ ቀለሙን በጣቷ እየነካች ሦስቱን ፍንዳታዎች ትቆጥር ነበር።

"ተወው፣ ቦስ" አለ። "እንዲህ እንዳለሁ ቤቴ እገባለሁ።"