መስመሩን የነካች ጥይት

በሆሳዕናው የአየር ጠመንጃ ክለብ አሰልጣኝ አበራ ይቅርታ የማያውቁ ነጥብ ቆጣሪ ነበሩ። ክለቡ ያለው ሁለት ጠመንጃና የወረቀት ዒላማ ብቻ ነው። ውጤቱን ራሱ የሚቆጥር ኤሌክትሮኒክ ዒላማ ያላቸው የትልልቅ ከተማ ክለቦች ናቸው፤ እዚህ እያንዳንዱን ቀዳዳ መነጽራቸውን አድርገው የሚያነቡት አበራ ናቸው። ጥይቷ የክቡን መስመር ጫፉን ብቻ ከነካች ዝቅተኛውን ቁጥር ይጽፋሉ። «ለራሳቸው ልጆች አዳሉ እንዳንባል» ይላሉ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለሆኑም የሚከራከራቸው አልነበረም።

በመጋቢቱ ማጣሪያ የክለቡ ተኳሽ፣ የሆመቾዋ ሮዳስ ስልሳ ጥይት ተኩሳ 567 ነጥብ አገኘች። ለአገር አቀፉ ውድድር የተቀመጠው የማለፊያ ነጥብ፣ ሚኒማው፣ 570 ነበር። የወጣቶች ምድብ በሃያ ዓመት ያበቃል፤ እሷም ሃያ ዓመቷ ነው።

«ጋሼ፣ ይቺ እኮ የአሥሩን ክብ ነክታለች» አለች፣ አንዱን ወረቀት ወደ መስኮቱ አንስታ።

«ነካች እንጂ መች ገባች? በጥርጣሬ የተገኘ ነጥብ በረከት የለውም፣ ልጄ።»

ከውጤት መግለጫው ግርጌ «ቅሬታ ካለ» የሚል ባዶ ቦታ ነበር። ሮዳስ ባዶውን ትታ ፈረመች። ከዚያ ወዲህ ልምምድ አልመጣችም።

ግንቦት ላይ ሊሻን የምትባል የተኩስ ዳኛ አሰልጣኞችን ልታሠለጥን ከአዲስ አበባ መጣች። አበራ የጥንቃቄ ምሳሌ ይሆናል ብለው የሮዳስን ወረቀቶች አቀረቡላት። ሊሻን ትንሽ የብረት መለኪያ አውጥታ ቀዳዳው ውስጥ ከተተች።

«ይሄን ማነው ዘጠኝ ያለው?»

«እኔ ነኝ። መስመሩን ብቻ ነው የነካው።»

«ከነካ እኮ ከፍተኛው ነው የሚሰጠው፣ ጋሼ አበራ። ደንቡ ለሁሉም እንዲህ ነው።»

አበራ ሳቁ። ሊሻን አልሳቀችም። ስልሳውን ወረቀት አንድ በአንድ አብረው አዩ። እንዲህ ያለው አምስት ነበር። 572።

«አሁን ለአወዳዳሪዎቹ ብንልክላቸውስ?» አሉ አበራ።

«ውድድሩ ባለፈው ሳምንት አለቀ» አለች ዳኛዋ፣ መለኪያዋን በጨርቅ እየጠቀለለች።

በማግስቱ አበራ ሆመቾ ወረዱ። ሮዳስን ያገኟት አጎቷ ወፍጮ ቤት፣ እህል ስትቀበል ነው። ቅንድቧ ዱቄት ለብሷል፤ ወፍጮው ይጮኻል።

«በድዬሻለሁ!» አሉ።

«ምን?» እጇን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

«መስመር የነካ ከፍተኛው ነው የሚሰጠው! 572 ነበር ያመጣሽው! አልፈሽ ነበር!»

ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሁሉ ዞረው አዩአቸው። ሮዳስ ሞተሩን አጥፍታ ወፍጮውን አቆመችው። ከዚያ ፈገግ ያለች መሰለች።

«ከነጥቤም አሥራት አወጡብኝ በሉኛ፣ ጋሼ?»

ሴቶቹ ሳቁ። አበራ አንገታቸውን ደፉ።

«እንዳላዳላ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው ዝም ያልኩት። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ቅሬታዬን እጽፍ ነበር።»

«ይቅር በይኝ።»

«ብያለሁ» አለች ወዲያው፣ በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ፊት እንደሚባለው። ብትሰድባቸው ይቀላቸው ነበር።

«በአዋቂዎች ምድብ መወዳደር ትችያለሽ እኮ። ተመለሽ፤ ጠመንጃው የሚይዘው አጥቶ ነው የተቀመጠው።»

«የአዋቂዎቹ ሚኒማ ስንት ነው?»

«580።»

ሮዳስ ቀኝ እጇን ወደ ፊታቸው ዘረጋች። ጣቶቿ ይንቀጠቀጡ ነበር።

«ሁለት ወር ሙሉ ጆንያ ሳነሳ ነው የከረምኩት» አለች። እጇን ሽርጧ ላይ ጠርጋ ወደ ሴቶቹ ዞረች፤ «ተራ የማን ነው?»

አንዲት ሴትዮ በቆሎዋን እየጎተተች ቀረበች። ሮዳስ የጆንያውን አንድ ጫፍ ያዘች። አበራ ኮታቸውን ሳያወልቁ ጎንበስ ብለው ሌላውን ጫፍ ያዙ።