የወፍ ጣሳ

መሪጌታ ወልደ ሰንበት ማለዳ ከኪዳን ሲመለሱ የግቢያቸው በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኙ። ወረቀቱ ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ተሸፍኗል፤ ማኅተምም አርፎበታል። መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡት። አንብበው ሲጨርሱ ትንሽ ፈቀቅ ብለው በሩን አዩት። በሩ የራሳቸው ነው።

«ይህ መጠጥ ቤት በቱሪስት ክልል ውስጥ የሚገኝ በመሆኑ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ድረስ ክፍት ሆኖ እንዲያስተናግድ ተፈቅዶለታል።»

መሪጌታ የቅኔ መምህር ናቸው። ሰፈሩም ተማሪዎቻቸውም የኔታ ብለው ነው የሚጠሯቸው። በግቢያቸው ተማሪዎች ከምንጭ ከሚቀዱት ውኃ በቀር የሚጠጣ ነገር የለም። ቢሆንም አልተቆጡም። ያልገባቸው ቃል ሲገጥማቸው እንደሚያደርጉት ወረቀቱን እንደገና ከላይ ጀመሩት።

ስለ ደንቡ ግን ሰምተዋል። መንደሩ ከደጀን ወጣ ብሎ በዓባይ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ባለፈው ዓመት አፋፉ ላይ ሎጅ ተከፍቷል። እንግዶች ፀሐይ ስትጠልቅ ለማየት ይመጣሉ፤ ጠልቃ ስታበቃ ግን መጠጥ ቤቱ ሁሉ ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ስለሚዘጋ መኪናቸውን አስነሥተው ደብረ ማርቆስ ገብተው ያድራሉ። የደጀን ከተማ አስተዳደር በዚህ አልተደሰተም። በአፋፉ ዙሪያ ክልል ከለለና አዲስ ደንብ አወጣ፦ በክልሉ ውስጥ የተመዘገበ መጠጥ ቤት እስከ ስድስት ሰዓት ይሠራል፤ ያልተመዘገበ ደግሞ ከኅዳር ጀምሮ ቀንም ሆነ ማታ አንድ ብርጭቆ አይሸጥም።

«የኔታ፣ ምን ለጠፉብዎት?» አለች ከአጥሩ ማዶ የብርጓል።

«መጠጥ ቤት ነህ ይለኛል።»

«ማነው እንዲህ ያለዎት?»

«ወረቀቱ ነዋ።»

የብርጓል ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ጠላ ሻጭ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችውም ራሷን ያኖረችውም በጋኗ ነው። የከባድ መኪና ሾፌሮች የዓባይን በረሃ ወጥተው ሲጨርሱ የሚያርፉት እሷ ዘንድ ነው፤ አሁን አሁን የሎጁ እንግዶችም ጠይቀው ይመጣሉ። ስትስቅ ቆይታ ድንገት ዞር ብላ የራሷን በር አየች።

«የእኔ በር ላይስ?»

አብረው ሄደው አዩ። በሩን ገፋ አድርገው ጀርባውንም አዩ። ምንም የለም።

የኔታ ወረቀቱ ግርጌ ላይ ያገኙትን ስልክ ደወሉ። ከቀትር በፊት ሂዊ የምትባል ከቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የመጣች ወጣት ከባጃጅ ወረደች። ደብረ ማርቆስ ተወልዳ ያደገች ናት፤ በክልሉ ያሉትን መጠጥ ቤቶች ዞራ የቆጠረችውም እሷ ነች። የኔታን ከነጥምጣማቸው፣ ዛፍ ሥር የተቀመጡትን ተማሪዎችም ስታይ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«ግቢ ልጄ፣ ግቢ። እስከ ስድስት ሰዓት ክፍት ነን» አሏት የኔታ።

ሂዊ ፊቷ ቀላ። «የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከመንገዱ ሆኜ ነው ያየሁት። ያ ጣሳ…» ብላ ወደ ጓሮው አመለከተች።

ጎረቤት ከሚለየው አጥር ትንሽ ገባ ብሎ፣ የገብሱ ዳር ላይ፣ ረጅም እንጨት ተተክሏል። ጫፉ ላይ ጣሳ ተደፍቶ ታስሯል። እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ካለ ቤቱ ጠላ ቤት ነው፤ ጠላውም ደርሷል። ይህን ጎጃም ውስጥ ሕፃንም ያውቀዋል። ፈረንጅ ቢቆጥር ኖሮ እንጨቱን ዞር ብሎም አያየውም ነበር።

«የወፍ ጣሳ ነው» አሉ የኔታ። «ውስጡ ብሎን አንጠልጥያለሁ። ነፋስ ሲመታው ይንኳኳል፤ ወፍ ገብሱን አይደፍርም።»

«ሰውም ተሰብስቦ ነበር። ጩኸት ሰማሁ፤ አንዱ ተነሥቶ ሲናገር ሌሎቹ ‹ይበል!› እያሉ ያጨበጭቡ ነበር። ሞቅ ያላቸው መስሎኝ…»

«ቅኔ እየዘረፉ ነበር።»

ከዛፉ ሥር ሳቅ ፈነዳ። የኔታ ራሳቸው ሳቃቸውን በመቋሚያቸው ሸፈኑት። የብርጓል ግን አልሳቀችም።

«እኔንስ እንዴት አለፍሽኝ፣ ልጄ?»

«እትዬ፣ የርስዎ እንጨት ላይ ጣሳ አልነበረም።»

«ጠላው አልደረሰማ! ድፍድፉ ገና ነበር፤ እኔም ጌሾ ልገዛ ገበያ ወጥቼ ነበር። ጠላ ሳይኖረኝ ጣሳ ልስቀል? ያ እኮ መዋሸት ነው። ሰው ከበረሃ ወጥቶ፣ ጣሳ አይቶ፣ መኪናውን አቁሞ ገብቶ ‹የለም› ልበለው?»

ሂዊ ስልኳን አወጣች። የክልሉ ካርታ ላይ ትናንሽ ቀይ ነጥቦች አሉ። አንዱን በጣቷ አሰፋችው። «ችግሩ ኮሚቴው ያጸደቀው እነዚህን ነጥቦች መሆኑ ነው። የባለቤት ስም መሙላት እችላለሁ፤ የዚህኛው ስም እስካሁን ባዶ ነው። ነጥብ መጨመርም ማንቀሳቀስም ግን ከእጄ ወጥቷል። እስከሚመጣው ዓመት መጠበቅ ነው።»

«እስከዚያስ ምን ልብላ?» አለች የብርጓል።

ሂዊ ወደ ካርታው ተመለሰች።

የኔታ ወደ ስልኩ አጎነበሱ። «ይህ ነጥብ ቤቴ ነው?»

«አይደለም። ከመንገዱ ሆኜ ካርታው ላይ የነካሁት እንጨቱ ያለበትን ነው። ነጥቡ እንጨቱ ነው። ነጥቡ ያረፈበት ግቢ ውስጥ ነው መሸጥ የሚቻለው።»

የብርጓል እንጨቱን አየች፤ የኔታንም አየች። «እንግዲህ ጋኑን ተሸክሜ እዚህ ልምጣ?» አለች። እንደ ቀልድ ነው የተናገረችው፤ ዓይኗ ግን አይቀልድም።

«ልጆቻቸውን ለትምህርት የሰጡኝ አባቶች ምን ይሉኛል?» አሉ የኔታ ቀስ ብለው።

«ይቅር የኔታ። ይህ የያዝሁት ጋን የመጨረሻዬ ይሆናላ» አለችና ወደ ቤቷ ገባች።

ሂዊም ሄደች። ከመሄዷ በፊት ግን የኔታ አንድ ነገር ጠየቋት። «እነዚህ እንግዶች፣ ፀሐይዋ ከጠለቀች በኋላ አፋፉ ላይ የሚቀመጡት ምን ሊያዩ ነው?»

«የመኪኖቹን መብራት ነው የሚሉት።»

የኔታ የተወለዱት እዚሁ ነው። መኪኖቹ ሲያጓሩ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰምተዋል፤ ወጥተው ግን አይተዋቸው አያውቁም። የዚያን ቀን ትምህርቱን ቀደም ብለው ጨረሱና ብቻቸውን ወደ አፋፉ ወረዱ።

ፀሐይዋ እንደገባች ገደሉ ከታች ወደ ላይ እየጨለመ መጣ። መጀመሪያ አንድ መብራት ከድልድዩ በኩል ብቅ አለ። ከዚያ ሌላ። ጠመዝማዛውን እየተከተሉ፣ አንዱ ሲጠፋ አንዱ እየወጣ፣ ጧፍ ይዞ ታቦት እንደሚከተል ሰው ቀስ ብለው ይወጣሉ። የኔታ ድንጋይ ፈልገው ተቀመጡ።

አጠገባቸው አንድ ወጣትና ሚስቱ ቆመዋል፤ ንግግራቸው የአዲስ አበባ ነው። ወጣቱ እጅ ነሥቶ፣ «አባ፣ እዚህ አካባቢ ጥሩ ጠላ ይገኛል አሉን። የት ይሆን?» አላቸው።

«እኛ ጎረቤት ነው። አሁን አልደረሰም። ሐሙስ ይደርሳል» አሉ የኔታ። ከተናገሩ በኋላ ራሳቸው ተገረሙ። የጎረቤታቸው ጠላ መቼ እንደሚደርስ አውቃለሁ ብለው አስበው አያውቁም ነበር። ለካ በየሳምንቱ ሽታው በአጥሩ እየገባ ነግሯቸዋል።

ወደ ቤት ሲመለሱ እንጨቱ ጋ ቆሙ። ከእንጨቱ እስከ አጥሩ ያለውን በመቋሚያቸው ለኩት። ከዚያም ጥቂት አስበው፣ በድጋሚ ለኩት።

በማግስቱ ጠዋት አማረ በሬዎቹን እየነዳ ሲያልፍ የኔታ እጀ ጠባባቸውን ሰብስበው የአጥሩን ቋሚ በዶማ ሲነቅሉ አገኛቸው። አማረ የሰፈሩ ገበሬ ነው፤ አፉ አያርፍም።

«የኔታ! እርስዎም ድንበር መግፋት ጀመሩ?»

«ጀመርሁ።»

«ሚካኤልን! እኛን ‹የወንድሙን ወሰን የሚገፋ የተረገመ ይሁን› ሲሉን ከርመው? ማን ዘንድ ሄጄ ልክሰስዎት?»

«ክሱን ተወውና ና ቆፍር። ምስክርም ትሆናለህ።»

አማረ እየሳቀ መጣ፤ ዶማውን ተቀበላቸው። «ወደየት ነው የምንገፋው?»

«ወደ እኔ።»

ዶማው አየር ላይ ቀረ። በዚህ አገር በአንድ ትልም ስፋት የተገዳደሉ አሉ፤ የልጅ ልጆቻቸው ሳይቀር ዛሬም ሰላም አይባባሉም። አማረ የራሱም አጎት በወሰን ጠብ እጁን ያጣ ነው። «ወደ ራስ የሚገፋ ወሰን አይቼ አላውቅም» አለ፤ ድምፁ ከቀልዱ ወጥቶ ነበር።

«እኔም አላየሁም። እንዴት እንደሚሆን እስኪ እንየው።»

የብርጓል ድምፁን ሰምታ ወጣች። «ምን እያደረጉ ነው?»

«ልጅቱ እንጨቱ አይንቀሳቀስም አለች» አሉ የኔታ ላባቸውን እየጠረጉ። «አጥሩ አይንቀሳቀስም ግን አላለችም።»

የብርጓል ከአጥሩ ማዶ የቆመውን ገብስ አመለከተች። «ገብሱስ?»

«የበቀለውን እኔ አጭዳለሁ። መሬቱ ያንቺ ነው፤ አማረ ምስክር ነው። አንድ ነገር ብቻ አስቸግሮኛል። ተማሪዎቼ ለማኅሌት ሌሊት ነው የሚነሡ። ሰው እስከ ስድስት ሰዓት አጥሬ ሥር ቢንጫጫ…»

«የኔታ፣ የእኔ ጋን መቼ ስድስት ሰዓት ደርሶ ያውቃል?» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ አፏ ግን ይስቃል። «ጠላ ቤትን የሚዘጋው ጋኑ ነው። ጋኑ ሲያልቅ ጣሳው ይወርዳል፤ ቤቱ ተዘጋ ማለት ነው።»

ነጠላዋን አደግድጋ የተነቀለውን ቋሚ አነሣች።

ሂዊ ከሰዓት በኋላ መጣች። እንጨቱ ሥር ቆማ ስልኳን አየች። ነጥቡ ቦታው ነው። ቀጥላ አጥሩን አየች፤ አፈሩ ገና ትኩስ ነው፤ ከአጥሩ ወዲህም ወዲያም ገብስ ቆሟል።

«ይህ አጥር ባለፈው እዚህ ነበር እንዴ?»

«አጥር ነው፣ ይሄዳል ይመጣል» አለ አማረ።

ሂዊ ከንፈሯን ነከሰች። «ነጥቡ ያረፈበት ግቢ የማን ነው?»

«የእኔ» አለች የብርጓል።

ሂዊ ስሙን ሞላች። በየኔታ በር ላይ ያለውን ወረቀት ራሷ ልጣ የብርጓል በር ላይ ለጠፈችው። ልትሄድ ስትል ተመለሰችና፣ «የኔታ፣ እባክዎ ሌላ ጣሳ ጓሮዎ ላይ አይስቀሉ። በሚቀጥለው ዓመት የሚቆጥረው ሌላ ሰው ነው» አለች።

ሐሙስ ዕለት ጠላው ደረሰ። የብርጓል እንጨቱን ዘንበል አድርጋ፣ ጣሳውን በጨርቅ ወልውላ መልሳ አሰረችው። እነዚያ ባልና ሚስት መጡ፤ ሌሎች እንግዶችም ተከተሉ፤ ሾፌሮችም ነበሩ። የመኪኖቹ መብራት ከገደሉ መውጣት ሲጀምር ጋኑ ተንጠፈጠፈ። የብርጓል ወጥታ ጣሳውን አወረደች።

«እትዬ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ይላል እኮ!» አለ ወጣቱ ወረቀቱን እያሳየ።

«የተራዘመው ሰዓቱ ነው፤ ጋኑ አልተራዘመም። ደኅና እደሩ።»

በማግስቱ ጠዋት የኔታ ከዛፉ ሥር ተቀምጠው ቅኔ እየሰሙ ሳለ ዓይናቸው ወደ ጓሮው ሄደ። እንጨቱ ጫፉ ባዶ ነው። የሚንኳኳ ነገር የለም። ወፉ ገብሱ ላይ አርፎ አገዳው ሁሉ ጎብጧል።

«እሽ! እሽ!» እያሉ ተነሥተው ሮጡ። ወፉ ተነሥቶ ዞረና ከአጥሩ በሌላው ጫፍ ተመልሶ አረፈ። የኔታ አጥሩ ላይ ተንጠላጠሉ።

«የብርጓል! የብርጓል ሆይ! ቀጣዩ ጠላ መቼ ነው የሚደርስ?»

ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሴቶች መንገዱ ላይ ቆሙ። እርስ በርስ ተያዩ።

«ምነው የኔታ፣ በማለዳ ጠማዎት?» አለች የብርጓል ከውስጥ።

«እኔንስ አልጠማኝ! ወፎቹ ናቸው የጠገቡ። ጣሳውን ብቻ እንኳ…»

«ባዶ ጋን ይዤ ጣሳ አልሰቅልም፣ የኔታ። ይህን እርስዎም አይሉኝም።»

የኔታ ከአጥሩ ወረዱ። ልክ ናት።

«ቢሆንም ዛሬውኑ እጠነስሳለሁ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እስከዚያ በእጅዎ ያባርሯቸው።»

የኔታ ወደ ገብሱ ገብተው ማጨብጨብ ጀመሩ። ከዛፉ ሥር አንዱ ተማሪ ቅኔውን ሊጨርስ ቆሞ ነበር፤ ጭብጨባው ለእሱ መስሎት እጅ ነሣ።