በሬው ያለበት መጽሐፍ

ባለቤቴ ሚደቅሳ ካረፈ በኋላ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ደጉ እቤት ድረስ መጡ። አጽናንተውኝ ሲያበቁ ዋናውን ነገር አመጡት።

«ኢሊሊ፣ ያች የመጽሐፍ ማንበቢያ ክፍል የእድሩ ናት። ሚደቅሳ እያለ ማንም ትንፍሽ አላለም። አሁን ግን ኮሚቴው ድንኳንና ወንበር ላስቀምጥባት ይላል። እሑድ እንመጣለን። አንባቢ ሲጠይቅሽ አውጥተሽ ከሰጠሽ ክፍሏ ትቆያለች። ካልሆነ ግን ምን ላድርግ?»

«እሰጣለሁ፣ ጋሼ» አልኩ። የቱን ከየት አውጥቼ እንደምሰጥ ግን አላውቅም።

እኔ የምውለው ልደታ ማርያም በር ላይ ጧፍ ስሸጥ ነው። ፊደል የቆጠርኩትም እዚያው፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ ብቻዬን ነው። ጌጃ ሰፈር ወዳለችው ክፍል የምሄደው ለሚደቅሳ ምሳ ላደርስ ነበር። የቱ መጽሐፍ የት እንዳለ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ይዞት ሄደ።

ጓደኛዬ መይሙና ሰንጋ ተራ ስልክና ካርድ ትሸጣለች። ስነግራት ሳቀች።

«የሚደቅሳ ስልክ ስማርት አይደል? አፕ አለልሽ። ስንት መደርደሪያ መጽሐፍ በአንድ ጣት ታገኚያለሽ።»

«በየትኛው ጣት?»

«ጧፍ በምትቆጥሪበት!»

የመጀመሪያው አፕ ከመጽሐፉ ጀርባ ያሉትን ጥቁር መስመሮች አይቶ ስሙን ይናገራል ተባለ። ሚደቅሳ ግን መጻሕፍቱን ሁሉ እንደ ተማሪ ደብተር ለብዷቸዋል፤ ገሚሱን በጋዜጣ፣ ገሚሱን በአሮጌ ካላንደር። በላያቸው ርዕስ አልጻፈም። አንዴ ጠይቄው «ስሙን ካዩ የሚያውቁትን ብቻ ይወስዳሉ» ብሎኛል። ስለዚህ ወረቀቱን እየገፈፍን ለስልኩ አሳየነው። አብዛኞቹ መስመር የሚባል የላቸውም። ያለው ሲገኝ ኔትወርክ ጠፋ። ኔትወርኩ ሲመጣ ደግሞ አንዱን የታሪክ መጽሐፍ ሳሙና ነው አለን።

ሁለተኛው አፕ ደግሞ ፎቶ ሲነሳለት ጽሑፉን ራሱ ይገለብጣል ተባለ። ርዕሱን አነሳሁለት። ጥቂት አሰበና የፈረንጅ ፊደል፣ ቁጥርና የጥያቄ ምልክት ደረደረልኝ።

«ምን ይላል?»

«ወላሂ፣ የጂኒ ቋንቋ ነው» አለች መይሙና። «ተይው፣ ሌላ አለ።»

ሌላው እያንዳንዱን መጽሐፍ ፎቶ አንስቶ ስሙን በእጅ መጻፍ ነበር። «ሸ»ን ስነካ «ሰ» ይመጣል፤ ሳጠፋው ከፊቱ ያለውም አብሮ ይጠፋል። ጧፌን ትቼ ሳምንቱን ሙሉ ከዚያ ጋር ታገልኩ። መሃል ላይ ስልኩ ሜሞሪ ሞልቷል፣ የማትፈልጊውን ፎቶ አጥፊ አለኝና ሚደቅሳን ደረደረልኝ። መደርደሪያው ሥር ቆሞ፣ ሙጫ በእጁ ይዞ፣ ዓይኑን ከፀሐይ ከልሎ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። መይሙና አነሳችውና እሷ የጫነችበትን የአክስቷን ልጅ የሠርግ ቪዲዮ አጠፋች።

«ትጥፋ፤ ሙሽራዋም ተፋትታለች።»

ቅዳሜ ጨረስን። መጻሕፍቱ በየርዕሳቸው በፊደል ተራ ቆሙ። የተገፈፈውን ወረቀት ማዳበሪያ ውስጥ ከተትኩት፤ ለመጣል ግን እጄ እምቢ አለኝ።

እሑድ ኮሚቴውም አንባቢውም መጣ። ጋሽ ደጉ ተደላድለው ተቀመጡ።

«በይ፣ እኔ ልጀምር። በሬው ያለበትን አምጪልኝ።»

ስልኩ ላይ «በሬ» ብዬ ጻፍኩ። ምንም የለም።

«ርዕሱ ምንድን ነው፣ ጋሼ?»

«እኔ ምን አውቄ? የበሬ ካላንደር የለበሰው ነዋ! ሰውዬው ሚስቱን ፍለጋ ባቡር ላይ ሲወጣ ካለው ገጽ ስደርስ ነው ሚደቅሳ ታሞ ክፍሏ የተዘጋችው።»

«የእኔ ሐይቁ ነው» አለች ጎረቤቴ ወርቄ።

«ለእኔ የኳሱን ጋዜጣ» አለ ሌላው።

«ስም የሚያውቅ አንድ ሰው የለም?» ጮኽኩ።

«እሱ መች ስም ነገረን?» አለች ወርቄ።

ከኮሚቴው ዘነበ የሚባለው ብድግ አለ። «በቃ፣ ወንበሩ ይግባ።»

ደሜ ፈላ። ማዳበሪያውን አንስቼ ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት። ጋሽ ደጉ ከክምሩ ውስጥ በሬያቸውን መዘዙና ሰጡኝ። ወረቀቱ የሚደቅሳን እጥፋት እንደያዘ ነው። አንዱን መጽሐፍ አለበስኩት፤ ወፈረበት። ሌላውን፤ ሰፋው። ወርቄም ሐይቋን ይዛ መሞከር ጀመረች። አንባቢው ሁሉ ልብስ እንደሚለካ ሰው መደርደሪያው ላይ ተረባረበ፤ የደረደርኩት የፊደል ተራ ተተራመሰ። ላቤ እየወረደ አንዱን ስሞክር ግን ሳልጫነው እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ።

ጋሽ ደጉ ተቀብለው ገለጥ ገለጥ አደረጉት። «ይኸው ባቡሩ!»

«ወንበሩስ፣ ጋሼ?» አለ ዘነበ።

«ዝም በል! ሰውዬው ሚስቱን ሳያገኝ ወንበር አይገባም።»

«በይ እንግዲህ» አለች መይሙና በጆሮዬ፣ «መጻሕፍቱ ልብሳቸውን ለብሰው እንደገና ፎቶ ይነሱ።»

ስልኩን በሬው ላይ አነጣጠርኩ። ሜሞሪ ሞልቷል አለኝ።

ጋሽ ደጉ ገጽ ገለጡ። ሰውዬው ሚስቱን እስኪያገኝ የቀራቸው ገጽ ብዙ አይደለም። ስልኩን አስቀምጬ ቀጥሎ የምሰጣቸውን መፈለግ ጀመርኩ።