ሁለተኛው ቅጂ

አባባ ከማረፉ ከሁለት ሳምንት በፊት ታናሽ እህቴ ስልኳን ትራሱ አጠገብ አስቀምጣ፣ ድምፁን እየቀዳች አርባ ደቂቃ አስወራችው። ዕድሜውን ሙሉ መሬት ሲለካ የኖረ ሰው ነው። ድምፁ የቀረልን በዚያ ብቻ ነበር።

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ እኔ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች ጠጋኝ። ስልኳ ሲሞላባት ድምፁን እኔ ቤት ባለው፣ ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት በሚሠራው ኮምፒውተር ላይ ጫንኩላት። ዲስኩ አንድ ነው፤ ውስጡን ግን የእኔና የእሷ ብዬ ለሁለት ከፍዬዋለሁ።

«አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» አለች። «ወደ እኔም ክፍል ገልብጥልኝ።»

ገለበጥኩላት። ጣቴን ከቁልፉ ሳላነሳ አለቀ።

«ጋሼ፣ ይሄን የሚያህል ነገር እንዲህ በአንዴ?»

እውነቱን መናገር የነበረብኝ እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ምንም አልገለበጠም። ያንኑ ፋይል ባለበት ትቶ ሁለተኛ ስም አወጣለት እንጂ። ሌላ ቦታ ላይ አዲስ የሚጻፈው፣ ከሁለቱ በአንዱ ላይ የተለወጠው ቁራጭ ብቻ ነው። ይህን ለሰው ማስረዳት ይታክተኛል። ደግሞም መደነቋ ደስ ብሎኝ ነበር።

«ሁለት አለሽ፤ ከስልክሽ አጥፊው» አልኳት። አጠፋችው።

ከዚያ የአባባ ሳል አላሰፋ አላት። ስፌቷን ይዛ እኔ ቤት መጥታ ድምፁን ከፍታ ስትሠራ፣ እሱ መሳል ሲጀምር እጇ መርፌ አይይዝላትም። በራሷ ቅጂ ላይ ያቺን ሃያ ሰከንድ በዝምታ ተካቻት፤ የድምፅ ማረሚያው ፕሮግራምም ሳሉ ያለበትን ደቂቃ እንዳለ አዲስ ቦታ ጻፈው። የእኔ ቅጂ አልተነካም።

ከስድስት ወር በኋላ ዲስኩ ተበላሸ። የእኔን ከፈትኩ፤ እምቢ አለ። የእሷን ከፈትኩ፤ እሱም እምቢ አለ።

«ሁለት አለሽ ብለኸኝ አልነበር?»

«ስማቸው ነው ሁለት። የተቀመጡት አንድ ቦታ ነው» አልኳት። አፈርኩ።

ቀኑን ሙሉ ለቅሜ ያዳንኩት አንድ ደቂቃ ነው፤ እሷ የነካችውን። ሌላ ቦታ ስለተጻፈ ብልሽቱ አልደረሰበትም። አብረን አዳመጥነው።

«ቆይ ልጄ፣ ልሳል» ይላል አባባ። ከዚያ ሃያ ሰከንድ ምንም የለም። «ይኸው፣ ተሻለኝ» ይላል፤ ደቂቃው እዚያ ላይ ያልቃል።

እህቴ ዝምታውን ሦስት ጊዜ መልሳ ሰማችው።

«ጋሼ» አለች፣ «ሳሉን መልስልኝ።»