ያልተበተነው ገጽ

ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ለንደን ውስጥ ኦባድያ ፔል የሚባል መጽሐፍ ሻጭ ነበር። ስብከት ያሳትማል፣ የሐሞት መድኃኒት ማስታወቂያ ያሳትማል፣ የሰው ግጥም ሳያስፈቅድ ያሳትማል። እንጀራው ግን ሬሳ ነበር። ሰው ሰኞ ከሞተ የሕይወት ታሪኩ ለቅዳሜ ይደርሳል፤ ቀባሪው ከመቃብር ሲመለስ መንገድ ላይ ይገዛዋል። ሟቹ ዳኛም ይሁን ሥጋ ሻጭ የመጨረሻው ገጽ አንድ ነው፦ ለድሃ ቸር፣ ለሚስቱ ደግ፣ ሁሉን ይቅር ብሎ ያረፈ። ፔል የዚያን ገጽ ከእርሳስ ብረት የተሠሩ የማተሚያ ፊደላት ካተመ በኋላ አይበትናቸውም፤ እንደተደረደሩ በሲባጎ አስሮ ያስቀምጣቸዋል። አዲስ ሬሳ ሲመጣ አንድ ስም ይነቅላል፣ አንድ ስም ይተክላል፤ በቃ።

ይህን ሁሉ የምታውቀው ጃለኔ ናት። ሚኒያፖሊስ፣ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ቁጭ ብላ የፔልን ቀጫጭን መጻሕፍት አንድ በአንድ ትመዘግባለች፤ የዶክትሬት ጽሑፏም በእሱው ላይ ነው። ያ ገጽ በተደጋገመ ቁጥር ብቻዋን ትስቃለች። ያናደዳት አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ የአንድ ጨርቅ ነጋዴ ታሪክ። "ለሚስቱ ደግ" የሚለው መስመር ላይ ወረቀቱ ተፍቆ ተፍቆ ተቀዷል። መስመሩን ከሌሎቹ ጋር ማስተያየት ስላልቻለች "የመጨረሻው ገጽ ተጎድቷል" ብላ መዝግባ አለፈች።

በተረፋት ጊዜ እሷም የሙታን ታሪክ ትጽፋለች። ከሚኒያፖሊስ አጠገብ ሴንት ፖል፣ ፍሮግታውን ሰፈር፣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ባቡር ባለፈ ቁጥር መስታወቱ የሚንቀጠቀጥ የጋሽ ይልማ ማተሚያ ቤት አለ። የሰርግ ካርድ ይታተምበታል፣ የምግብ ቤት ሜኑ ይታተምበታል፤ ከሁሉ በላይ ግን በቀብር ቀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚታደለው የሕይወት ታሪክ ቡክሌት ይታተምበታል። ጃለኔ ትጽፈዋለች፤ ንባቧ ስለሚጥም መድረክ ላይ ወጥታ የምታነበውም አብዛኛውን ጊዜ እሷ ናት። ጋሽ ይልማም የማይበትነው ገጽ አለው፣ ኮምፒውተሩ ላይ፦ "እንግዳ ተቀባይ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ ትዳሩን አክባሪ፣ ለባለቤቱ ጥላ ከለላ የነበረ።"

"ጋሽ ይልማ፣ እርስዎ እኮ ቁርጥ ፔልን ነዎት" ትለዋለች።

"እሱም እንደኔ ብልህ ነዋ" ይላታል። "የኛ ደንበኛ ተመልሶ መጥቶ አያማርርም።"

እንደ ፈረንጆቹ በ2018፣ ብርዱ ጆሮ በሚቆርጥበት በፌብሩዋሪ፣ ዋለ የሚባል የቡርንስቪል ሰው ሞተ። የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ አዮዋ ውስጥ መኪናውን ጥግ አስይዞ እንደተኛ ቀረ። ልቡ ነው ተባለ። ሚስቱ የትምወርቅ ፎቶውን ይዛ ማተሚያ ቤት መጣች። ጃለኔ ታውቃታለች፤ ቤዝመንታቸውን ተከራይታ ሁለት ዓመት ኖራለች። በጣሪያው በኩል የሚሰማውን ሰምታለች። የትምወርቅ በሙቀቱ ወራት እንኳ የማታወልቀውን ባለረጅም እጅጌ ሹራብም አይታለች።

የትምወርቅ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች እንጂ አልተቀመጠችም።

"ሁሉን በሉ" አለች። "ቸር ነበር በሉ፤ ነበርም። ለወንድሞቹ ቤት ሠርቷል፣ ለማያውቀው ሰው ደሙን ሰጥቷል። ትዳሩን አክባሪ የምትሏትን ግን ተዉልኝ። ሬሳው ፊት ቁጭ ብዬ እሷን ቃል መስማት አልችልም።"

ጋሽ ይልማ ጉሮሮውን ጠረገ። "የትምዬ፣ ኧረ ሙት ወቃሽ አያድርገን።"

"መች ወቀስኩ? ዝም በሉ ነው ያልኩት። ዝም ማለት ደግሞ ታውቁበታላችሁ፤ ስንት ዓመት ዝም ብላችኋል።"

ጋሽ ይልማ ወደ ማሽኑ ዞረ። የመለሰችላት ጃለኔ ነበረች።

"አትገባም፣ እትዬ። የምጽፈው እኔ፣ የማነበው እኔ። በኔ ጣይው።"

"በጌታ?"

ጃለኔ ከጸለየች ሰንብታለች። "በጌታ" አለች።

የትምወርቅ ያኔ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ጃለኔ ጻፈች፣ መስመሯን አወጣች፣ ፋይሉን ላከች። ችኩል ናት፤ የጨረሰችውን ነገር ዞራ አታይም።

ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞላ። ቡክሌቱ በር ላይ ታደለ። ጃለኔ መድረኩ ላይ ወጥታ ጀመረች፤ ልደቱን አነበበች፣ ሱዳን ያሳለፈውን ስደት፣ የመጀመሪያ መኪናውን። ዓይኗ ከአፏ ቀድሞ ወደ መጨረሻው ገጽ ሲሻገር መስመሩን አየችው። እዚያው ቦታው ላይ ተመልሶ ተቀምጧል።

ከሣጥኑ በስተቀኝ የዋለ ታላቅ ወንድም ጋሽ ሐጌ ተቀምጧል። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ነው፤ እሷ የምታነበውን በጣቱ ይከተላል። አርብ ዕለት ማተሚያ ቤት ሄዶ ረቂቁን አይቶ ኖሯል። በኋላ ጋሽ ይልማ እንደነገራት፣ "አባወራ ሞቶ ትዳሩ ሳይነሳ? ሰው ምን ይላል?" አለው፤ ጋሽ ይልማም የለመደውን ገጽ መልሶ ለጠፈው። በስተግራ የትምወርቅ ከልጇ ከፀሎት ጋር ተቀምጣለች። ቡክሌቱን አልከፈተችውም። የምታየው ጃለኔን ነው።

ጃለኔ ዘለለችው። "ለተቸገረ ደራሽ ነበር። ወንድም ዋለ ባደረበት ድንገተኛ ሕመም..."

"እህት ጃለኔ።" ጋሽ ሐጌ ነበር። ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም፤ እንዲያውም የሚረዳት ነው የሚመስለው። "ይቅርታ፣ አንድ መስመር ዘለልሽ። ለባለቤቱ ብዬ ነው፤ እንዳይቀርባት።"

አዳራሹ ውስጥ ወረቀት ተንኮሻኮሸ። ከኋላ አንዲት ሴት "እውነትም ዘላለች" ስትል ተሰማ። ፓስተሩ በይ እንጂ በሚል ዓይነት ራሱን ነቀነቀ። ማይክራፎኑ የጃለኔን ትንፋሽ መልሶ ለራሷ ያሰማታል። ፕሮፌሰር የምታፋጥጥ ልጅ ናት። "አልዘለልኩም፤ ትቼው ነው" ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃ ነበር። አላለችም። አፏ መስመሩን ያውቀዋል፤ በስንቱ ሬሳ ላይ ብሎታል፤ ሳታዘው ወጣ።

"ትዳሩን አክባሪ፣ ለባለቤቱ ጥላ ከለላ የነበረ።"

"አሜን" አለ ሕዝቡ።

እንደ ወትሮው በጥድፊያ ቢነበብ ማንም ልብ አይለውም ነበር። አሁን ግን ሰው ሁሉ በጣቱ ይዞታል። አማርኛ ማንበብ የማትችለው ፀሎት ወደ እናቷ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ "ማም፣ ዋት ዲድ ሺ ሚስ?" ብላ የተዘለለውን ጠየቀች።

ሣጥኑ ከወጣ በኋላ ጃለኔ ከሰው ዓይን ለመሸሽ ወንበር ላይ የቀሩትን ቡክሌቶች መሰብሰብ ያዘች። የትምወርቅ የተቀመጠችበት ላይ አንድ አለ። መስመሩ ተፍቋል፤ በመኪና ቁልፍ ጫፍ ሳይሆን አይቀርም። ወረቀቱ ተበስቶ ቀዳዳው በስተጀርባ ካለው የዋለ ፎቶ ላይ ወጥቷል። ጃለኔ ይህን ቀዳዳ የት እንደምታውቀው ለማስታወስ አልተቸገረችም። አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ከቀብር መልስ ቡርንስቪል ያለው ቤት በሰው ተጨናንቆ ነበር። የትምወርቅን በጓሮው በር አጠገብ ብቻዋን ቆማ አገኘቻት።

"እትዬ፣ እኔ እኮ አውጥቼው ነበር። እነሱ ናቸው..."

"አውቃለሁ፣ እነሱ ናቸው።" የትምወርቅ በረዶውን ነው የምታየው። "ዋለ ጥላ ከለላሽ ነኝ አንድ ቀን ብሎኝ አያውቅም። ሲመታኝም አላለም፣ ሽማግሌ ልኮ ሲታረቀኝም አላለም። እንደማያምርበት ያውቅ ነበር። አሁን ግን ተባለ። ከጆሮዬ አልወጣ ብሏል። በማን ድምፅ መሰለሽ?"

ጃለኔ ቡክሌቱ ያለበትን ቦርሳዋን አነሳች።

"ብርድ ይገባል" አለች የትምወርቅ። "ስትወጪ በሩን ሳቢው።"

ሰኞ ጃለኔ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ወርዳ የጨርቅ ነጋዴውን ታሪክ አስወጣች። ገጹን ወደ መብራቱ አዘነበለችው። ፍቀቱ ሲጀምር ላላ ያለ ነው፤ ወደ መጨረሻው እየጠነከረ ሄዶ ይበሳል፤ ልክ እንደ የትምወርቅ ቡክሌት። ስልኳ ነዘረ።

"ጃሊዬ" አለ ጋሽ ይልማ፣ "ለሐሙስ ሌላ ቀብር መጥቶልናል። አትድከሚ፣ ያው ፋይል ነው፤ ስም ብቻ ቀይሪ።"

"እኔ ጋ ያለውን አጥፍቼዋለሁ።"

"ምን ችግር አለ፣ እኔ ጋ አለ። አንቺ ለንባቡ ብቻ ነይልኝ።"

"አላነብም፣ ጋሽ ይልማ። ሌላ ሰው ይፈልጉ።"

ባቡሩ ሲያልፍ፣ መስታወቱ ሲንቀጠቀጥ በስልኩ ተሰማት።

"እንግዲያው ጋሽ ሐጌ ያነብልናል" አለ፣ ቅር ሳይለው፤ ስልኩንም ዘጋ።

ጃለኔ መዝገቡን ከፍታ "ተጎድቷል" የሚለውን ሰረዘች። ጥቂት አሰበችና በቦታው ሁለት ቃል ጻፈች፦ "አንባቢዋ ፍቃዋለች።"