የሐሙስ ጥያቄ

«ሐሙስ ሐሙስ ስልኩን የማያነሳልኝ ምን ሁኖ ነበር?» አሉ አያ ጋሻዬ፣ ንፍሮውን በእጃቸው እንደያዙ።

የሟቹ ልጃቸው የምስጋኑ ጓደኞች፣ ንጋትና አዳም፣ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ሐዘኑ ድንኳን መጥተው «እግዜር ያጥናዎ» ብለው መቀመጣቸው ነበር። ከላሊበላ ወዲህ ያለውን ዳገት በእግራቸው ስለወጡት ትንፋሻቸው ገና አልተመለሰም።

«መንደራችን ኔትወርክ የለውም። ሐሙስ ወፍጮ ስወርድ እደውላለሁ፤ አያነሳም። ማታ እሱ ሲደውል እኔ ተመልሻለሁ። በኔ አፍሮ ይሆን እያልኩ ከረምኩ። አሁን እሱን አልጠይቀው። እናንተ ንገሩኝ።»

«ሐሙስ ከሰዓት የሁላችንም ስልክ ቅርጫት ውስጥ ይገባ ነበር አባባ» አለች ንጋት። «ስለ መጽሐፍ እናወራለን።»

«መጽሐፍ ይነበባል እንጂ ይወራል?» አሉ አጠገባቸው የተቀመጡት ጎረቤታቸው አያ ደሳለ።

ይወራል እንጂ! ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ባለፈው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ልቦለድ ሁሉ ሲብጠለጠል ይመሻል። አዳም ስለ ዘመኑ ብቸኝነት ይራቀቃል፤ ንጋት ስለ ቅኝ ግዛት ትሟገታለች። ምስጋኑ ጥጉን ይዞ ዝም ይላል። ሁሉም ሲደክማቸው ጉሮሮውን ይጠርጋል። «ወታደሩ ከጦር ሜዳ ሲመለስ በሩን ማን ከፈተለት?» መጽሐፉ ይገላበጣል፣ መልስ የለም። የክበቡ ሕግ ደግሞ መልስ ያጣ ይነሳል ነው። ስንቴ አስነሳቸው! ያኔ ንጋት ትናደድበት ነበር። አሁን ያ ንዴት ራሱ ናፈቃት።

«የመጨረሻው መጽሐፋችሁ ምን ይላል?» አሉ አያ ጋሻዬ።

«እሱ ታሞ ያልደረሰበት ነው። ባሏ የሞተባት ገበሬ ናት። ሐዘኑ ሲጠናባት ቤቷን ቆልፋ በመርከብ ትሄዳለች። እዚያ ላይ ያልቃል።»

አያ ጋሻዬ ንፍሮውን ሰሃኑ ላይ መለሱት።

«ገበሬ ናት ብለሻል። ላሚቱን ለማን ትታት ሄደች?»

ንጋት አዳምን አየችው። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። ምስጋኑ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከየት ነው የሚያመጣው እያሉ ሦስት ዓመት ተገርመውበታል። ንጋት ተነሳች፤ አዳምም ተከተላት።

«ምነው? እህል ሳትቀምሱ? አስቀየምኳችሁ?»

«አንሄድም አባባ። ሕጋችን ነው፤ መልስ ያጣ ይነሳል። ምስጋኑ ሁልጊዜ እንዲህ ያስነሳን ነበር። ልክ እንደርስዎ እየጠየቀ።»

«እንደኔ?»

«እንደርስዎ።»

አያ ጋሻዬ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ቀስ ብለው፦

«እኔንስ ለማን ትቶኝ ሄደ?» አሉ።

አያ ደሳለ ዱላቸውን ተመርኩዘው እያቃሰቱ ተነሱ። ከዚያ በበሩ በኩል የነበሩት ሴቶች፣ ከዚያ ቄሱ። ከጠያቂው ከአያ ጋሻዬ በቀር የተቀመጠ ሰው አልነበረም።