የኮለቶሬው ጆሮ

አይሊ የፒካፑን ኮፈን ከፍታ ጭስ እንዳይሾልክ የሚገጠመውን አሮጌ ጓርኒሲዮን ከሞተሩ ራስ፣ ከቴስታታው ላይ በቢላዋ ፋቀች። ተቃጥሎ ከሰል ሆኗል፤ ሲነኩት ይበናል። ጭሱ በዚያ ሾልኮ ጋቢና እየገባ ነው ሐሙስ ወደ ሐኪም ቤት ሲሄዱ ባሏ ሬይኖ መንገድ ላይ ራሱን የሳተው። ከዚያ ተመለሱ። ቅዳሜ በረዶው መንገዱን ዘጋው። ሁለት የኩላሊት እጥበት አለፈው። ለዛሬ የተሰጠው ሰዓት ከቀኑ ዘጠኝ ነው። ይህም ካለፈው ምን እንደሚሆን ነርሷ በስልክ ነግራታለች፤ አይሊ ግን ለእሱ አልነገረችውም።

«አምቡላንስ ልጥራ?» አለችው ጠዋት።

«አምቡላንስ እዚህ የሚመጣው ሬሳ ለማንሳት ነው» አላት።

አሁን ጋራዡ በር ላይ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እግሩ አብጦ ጫማ አልገባለትም።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ መኪና ስትጠግን ጠጋ ስል፣ ብርሃን ጋረድሽብኝ ትለኝ ነበር» አለችው።

«አሁንም እየጋረድሽ ነው።»

ጥቂት ቆይቶ እንቅልፍ ወሰደው። አይሊ ፈታ መሬት ላይ ያስቀመጠቻቸውን ኮለቶሬዎች፣ የአየር ማስገቢያውንና የጭስ ማውጫውን የብረት ቱቦዎች፣ አየች፤ እርስ በርስ በሦስት ቡሎን ተያይዘዋል። ቡሎኖቹ ላልተዋል። የላላ ነገር አይታ ማለፍ አይሆንላትም፤ አጠበቀቻቸው። አዲሱን ጓርኒሲዮን አስገብታ ኮለቶሬዎቹን በቦታቸው ሰቀለች፤ ከመሃል ጀምራ ወደ ዳር አሰረች። የመጨረሻው ላይ ቀጭ አለ። ቡሎን የሚገባበት ጆሮ ተሰብሮ በእጇ ቀረ።

ሬይኖ ነቃ። «ምንድን ነው?»

አሳየችው።

«ሁለቱን የሚያያይዙትን የመሃል ቡሎኖች መቼ አጠበቅሻቸው?»

«ገና መሬት ላይ እያሉ።»

«እነሱ የሚጠብቁት መጨረሻ ላይ ነው። ቀድመው ከጠበቁ ብረቱ እንደ ልቡ አይቀመጥም።» ስባሪውን ከእጇ ወስዶ አገላበጠው። «ለማንም ነግሬ አላውቅም።»

ሌላ ኮለቶሬ ከየት ይመጣል? አይሊ የመሃሎቹን አላልታ የተሰበረውን ጫፍ በትንሽ ሞርሳ ቴስታታው ላይ ጠፍራ ያዘችው፤ ከዚያ የመሃሎቹን መልሳ አጠበቀች። ሞተሩን አስነሳች። ጭሱ ሲሾልክ ጢቅ ጢቅ የሚለው ድምፅ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

ሰባት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ወጡ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ መስኮት ቢከፈት ሬይኖ አይችለውም።

«ራስህን ካመመህ ንገረኝ።»

«እሺ።»

እንደማይነግራት ታውቃለች። ስለዚህ በአንድ ቤት ባለፉ ቁጥር ጠየቀችው።

«ይሄ የማን ነው?»

«የላይቲነን። ሚስቱ ጥላው የሄደችው።»

«ያኛውስ?»

«የመምህርቷ። ምነው፣ አገር ልታስጎበኚኝ ነው?»

ሃያ ማይል ያህል እንዲህ ሄዱ። መልሱ እየዘገየ መጣ። ከድልድዩ ማዶ አረንጓዴ ጣሪያ ያለው ቤት ታየ።

«ይሄስ?»

ሬይኖ ቤቱን ረጅም ጊዜ አየው።

«አላውቀውም» አለ።

የወንድሙ ቤት ነበር። ጣሪያውን የመታው ሬይኖ ራሱ ነው።

አይሊ ኮቷን አውልቃ ደረቱ ላይ ጣለችበት። ከዚያ ሁለቱንም መስኮት እስከ መጨረሻ አውርዳ ነዳጁን ረገጠች።